ዝም ስል «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለኝ ሰው በዛብኝ፤ የጎንደር ልጆች ምን ትሉኛላችሁ?

የማራኪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ሆዴ ስለሞላ ልጻፍ አልኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጎንደር ነው፣ የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ አላወራም። ሰው ጠልቼ አይደለም፣ ሰው እወዳለሁ። ግን ደስ የሚለኝ ሁለት ሦስት ሆነን ስንጫወት ነው። ሃያ ሰላሳ ሰው በተሰበሰበበት ትንሽ ከቆየሁ ጭንቅላቴ ውስጥ ወፍጮ የተተከለ ይመስለኛል፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ካልተቀመጥኩ አይለቀኝም።

ይሄን እዚህ አገር ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኛ ሰፈር ቡና ብቻውን የሚጠጣ የለም። ጠዋት አንዷ ጋ፣ ከሰዓት ሌላዋ ጋ ነው። ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ፣ ሠርጉ ደግሞ በጥር ተደራርቦ ይመጣል። ሁሉም ቦታ የሚፈለገው ተጫዋች ሰው ነው። «እሷ እኮ ቀላል ናት፣ ሰው ትወዳለች» የምትባለው ከበር ጀምራ እየሳቀች የምትገባዋ ናት። ዝም ያለችዋ ወይ ኮርታለች፣ ወይ ተቀይማለች፣ ወይ አሟታል። ሌላ መልስ የለም።

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ተዳረች። ከጠዋት ጀምሬ ድንኳን ውስጥ ሳስተናግድ ዋልኩ። ወጥ አመላለስኩ፣ ሳህን ሰበሰብኩ፣ ለሽማግሌዎቹ ጠላ ቀዳሁ። ወደ ማታ ጭፈራው ሲደምቅ ጓሮ ወጥቼ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አክስቴ ፈልጋ መጣችና «የልጄን ደስታ ማየት ከበደሽ?» አለችኝ። ይሄ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ቀኑን ሙሉ ያመላለስኩት ወጥ አልታየም፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት ታየች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ፀበል ልውሰድሽ እያለች ነው። ፀበል እወዳለሁ። ግን ያልታመምኩትን በሽታ ልፈወስ ስሄድ እግዚአብሔርንም ማስቸገር መሰለኝ።

መሥሪያ ቤትም ያው ነው። የቡድን መሪ ቦታ ክፍት ሆኖ ተወዳድሬ ነበር። አለቃዬ «ሥራሽ ላይ ምንም እንከን አይወጣም፣ ግን አንቺ ሰው አትመሪም፣ ድምፅሽ አይሰማም» አለኝ። በዚያው ወር አንድ አበል ሁለት ጊዜ ሲከፈል እንደቆየ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ አላነሣሁትም፣ ዝም ብዬ ለአንዱ ባልደረባዬ አሳየሁት። ስብሰባ ላይ ያወራው እሱ ነው፣ ምስጋናውም እዚያው ቀረ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንደኔ ዓይነቱ ሰው በእኛ ዓይነቱ ማኅበረሰብ ውስጥ ምን ይጠቅማል? ለማማረር አይደለም፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። ልለወጥ? ወይስ እንዲህ እንደሆንኩ ቦታ አለኝ?


ጠመኔ፦

እህቴ፣ አስተማሪ ነኝ፣ የተማርኩትም ሥነ ልቦና ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ብቻውን መሆን የሚያሳርፈው ሰው ሌላ ነው፣ ዓይናፋር ሌላ ነው፣ በድብርት የተያዘ ደግሞ ሌላ ነው። ዓይናፋር ሰው መካከል መግባት ይፈልጋል፣ ግን ምን ይሉኛል ብሎ ይፈራል። የተደበረ ሰው ድሮ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል፣ ብቻውን ሲሆንም አያርፍም። አንቺ የጻፍሽው የመጀመሪያውን ነው። ሁለት ሦስት ሆነን ስንጫወት ደስ ይለኛል ብለሻል፣ ቀኑን ሙሉ ስታስተናግጂ ውለሻል፣ ከዚያ ደከመሽ። ይሄ በሽታ አይደለም። አንድ ቀን ያ ሁለት ሦስት ሰው ጋር መጫወቱም ካስጠላሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባብሽ ግን ያኔ ሐኪም ማየት ነው፣ እሱን ቸል እንዳትይው።

ኢንትሮቨርት (ብቻውን መሆን የሚያሳርፈው) እና ኤክስትሮቨርት (ሰው መካከል መሆን የሚያነቃቃው) የሚሉትን ቃላት በሰፊው ያስለመዳቸው የስዊዙ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው። እሱ ራሱ ሙሉ በሙሉ አንዱን ብቻ የሆነ ሰው የለም ባይ ነበር። በኋላ ሃንስ አይዘንክ የሚባል በእንግሊዝ የሠራ ተመራማሪ ነገሩን ከአንጎል ጋር አያያዘው። የአንዳንዱ ሰው አንጎል ከመጀመሪያውም ንቁ ነው፣ ስለዚህ ጫጫታ ሲጨመርበት ቶሎ ይሞላል፣ የሌላው ደግሞ እንዲነቃ ጫጫታውን ይፈልገዋል የሚል ነው ሐሳቡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር ተደርጎበታል፣ ነገሩ እሱ እንዳለው ቀላልም አይደለም። ግን ያልሽውን የወፍጮ ነገር ሳነብ እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

«ሰው አትመሪም» ስለተባልሽው ግን ተናድጃለሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. አዳም ግራንት የሚባል አሜሪካዊና ባልደረቦቹ የአንድ ፒዛ ድርጅት ሱቆችን አጥንተው ነበር። ሠራተኞቹ ትእዛዝ ጠባቂ በሆኑበት ሱቅ ተጫዋቹ አለቃ የተሻለ ትርፍ ነበረው። ሠራተኞቹ ራሳቸው ሐሳብ በሚያመጡበት ሱቅ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ቁጥብ የሆነው አለቃ በለጠ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ቁጥቡ ሰው የሰማውን ሐሳብ ይይዛል፣ ያኛው ደግሞ መድረኩን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ጥያቄው ትመሪያለሽ ወይስ አትመሪም አልነበረም፣ ምን ዓይነት ሰዎችን ትመሪያለሽ ነው መሆን የነበረበት።

ስብሰባን በተመለከተ ሌላ ልጨምር። በ1958 እ.ኤ.አ. በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አራት አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው ሐሳብ አመንጩ አሏቸው። ሌሎችን ደግሞ ለየብቻ አሠሯቸው። ለየብቻ የሠሩት የአራት ሰዎች ሐሳብ ሲደመር በቡድን ከተቀመጡት በለጠ። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ የያዘው ይጠፋበታል። በኛ ስብሰባማ አንድ ሰው አርባ ደቂቃ ሲናገር ስንት ጥሩ ሐሳብ እዚያው እንደሚሞት አስቡት።


ነጋዴው፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ጠመኔ ያለው እውነት ነው፣ ግን እህታችን ነገ ጠዋት ሥራ የምትገባው ዬል አይደለም።

እኔም ዝምተኛ ነበርኩ። ቅዳሜ ገበያ ልብስ መሸጥ ስጀምር የመጀመሪያውን ሁለት ወር ምንም አልሸጥኩም ማለት ይቻላል። ጎረቤቴ «ነይ እቴ፣ ግቢ፣ ለአንቺ የተሰፋ ነው!» ሲል እኔ ቆሜ አያለሁ። ደንበኛ ሁሉ ወደሱ ነው። በኋላ በግድ ተማርኩት። አሁንም ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቼን «ትንሽ ተዉኝ» ብዬ ሻይ ይዤ ብቻዬን እቀመጣለሁ፣ ሚስቴ ለምዳዋለች። ቀን ግን እናገራለሁ። ስለዚህ ባሕሪዬ ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ። ያንን የአበል ነገር ራስሽ መናገር ነበረብሽ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ግን ፍትሐዊ ልሁን። ከዓመት በኋላ ያስተዋልኩት ነገር አለ። የኔ ደንበኛ ይመለሳል። አንዲት እናት መጥታ ለልጇ ዩኒፎርም ስትፈልግ፣ ጎረቤቴ አምስት ሹራብ ጨምሮ ያሳያታል፣ እኔ ደግሞ ስንት ብር እንደያዘች ከአነጋገሯ እሰማለሁ፣ እሱን የሚሆን አወጣላታለሁ። በሚቀጥለው መስከረም መጥታ የምትጠይቀው እኔን ነው። ይሄን ያመጣው ዝምታዬ ነው፣ አልክድም።


አስጎብኚ፦

አጭር ልጻፍ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ብዙ እናገራለሁ። ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን መቆርቆሩን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ግቢው በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን፣ ግንቡን በግንቡ እየዞርኩ አወራለሁ፣ ሥራዬ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስገባ ግን «ወደ ላይ እዩ» እላለሁና ዝም እላለሁ። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ያያሉ፣ እንግዶቹም ቀና ብለው ያያሉ። ሥራ ስጀምር ያንን ዝምታ በወሬ እሞላው ነበር፣ ገንዘብ የከፈሉኝ እንድናገር ነው እያልኩ። አንድ ቀን ድምፄ ተዘግቶ መናገር አቃተኝ። ያን ቀን አንዲት እንግዳ ስትወጣ አልቅሳ ነበር፣ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ውስጥ አላወራም።


የሦስት ልጆች እናት፦

ልጄ ልበልሽ፣ በዕድሜ እናትሽን እሆናለሁ። ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት።

ለእናትሽ ትንሽ ልሟገትላት። እናትሽ የምትፈራው ዝምታሽን አይደለም። እሷ ያደገችው ሰው በጎረቤት በሚቆምበት ዘመን ነው። ስትታመሚ ውሃ የሚያቀብልሽ፣ ስትወልጂ ገንፎ የሚያገነፋልሽ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ድንኳን የሚተክልልሽ ጎረቤትና ዕድር ነው። «ልጄ ሰው ካልለመደች እኔ ስሞት ማን አጠገቧ ይቆማል?» ነው የምትለው። አፏ ላይ ፀበል ሆኖ ወጣ እንጂ። እኔም ሁለተኛዋ ልጄ እንዳንቺ ናት፣ ስንት ሌሊት ይሄንኑ ሳስብ አድሬአለሁ።

አሁን ደግሞ ያየሁትን ልንገርሽ። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ለቅሶ የመጣው ሰው ብዛቱ! ሁሉም ያወራል። «በርቺ፣ ልጆች አሉሽ»፣ «የሁላችንም መንገድ ነው»፣ «የእገሌ ባል ደግሞ እንዲህ ሆኖ ነበር የሞተው»። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በፍቅር ነው። ግን ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ያቺ ዝምተኛ ልጄ ከአጠገቤ ሳትነሣ ሦስት ቀን ተቀመጠች። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ነጠላዬ ሲወርድ ታነሣልኛለች፣ ውሃ ታስጠጋልኛለች፣ የማልፈልገው ሰው ሲመጣ ዓይኔን አይታ ቀስ ብላ ወደ ሌላ ቦታ ታስቀምጠዋለች። እኔ እንዳላብድ ያደረገችኝ እሷ ናት። ተጫዋቿ ትልቋ ልጄም ጥሩ ናት፣ እንግዳውን ሁሉ የያዘችው እሷ ነበረች፣ እሷ ባትኖር ቤቱ ይፈርስ ነበር። ሁለቱም ያስፈልጉኝ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ያመሰገነው ትልቋን ነው። የትንሿን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እስከዛሬም ለእሷ በአፌ አልነገርኳትም። ይሄን እየጻፍኩ ነው ያሰብኩት፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

ምክሬ ይሄ ነው። ሁሉም ቦታ አትሂጂ። ለቅሶ ግን አትቅሪ። የታመመ ሰው ጥየቃ አትቅሪ። እዚያ ማውራት አይጠበቅብሽም፣ መቀመጥሽ ይበቃል፣ አንቺ ደግሞ መቀመጥ ታውቂበታለሽ። የቀረውን ቡና በሳምንት አንድ ቀን አድርጊው። እናትሽም አንቺን ለቅሶ ቤት ስታይሽ ፍርሃቷ ይቀንሳል።


የማራኪዋ፦

እትዬ፣ የለቅሶውን ሳነብ አለቀስኩ። እናቴ እንደዚያ ብላ እንደምትፈራ በፍጹም አስቤው አላውቅም።


የድሮ ተማሪ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ በዕድሜ ገፍቻለሁ፣ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ስታነብልኝ ቆይታ «አያቴ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ቅኔ የተማርኩት ጎጃም ዋሸራ ነው፣ ከዚያ አቋቋም ልማር ጎንደር በአታ መጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ። አሁን እናንተ ኢንትሮ ምናምን የምትሉትን ቃል አላውቀውም። እኛ ጭምት ነው የምንለው። ጭምት ሲባል ደግሞ ስድብ አልነበረም። ልጃቸውን የሚድሩ ሰዎች «ጭምት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ስለ ቅኔ ቆጠራ ልንገራችሁ፣ የዛሬ ልጆች አታውቁት ይሆናል። ጀማሪ ተማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሁለት መስመር ቀላል ይመስላችኋል። በግዕዝ ነው፣ ቤት መምታት አለበት፣ ዜማው ልክ መሆን አለበት፣ ሰምና ወርቅ ሊኖረው ይገባል፣ ትናንት የተናገርከውን ደግሞ ዛሬ አትደግመውም። ይሄን እንዴት ትሠራዋለህ? ከጓደኛ ጋር እያወራህ አይሠራም። ስለዚህ ተማሪው ብቻውን ይወጣል። ዛፍ ሥር፣ ገደል አፋፍ፣ ወንዝ ዳር ይሄዳል። ደበሎውን ተከናንቦ አንገቱን ይደፋል። ሰዓታት ይቀመጣል። እረኛው ያየዋል፣ አይጠራውም። መንገደኛው ያልፋል፣ «ቅኔ እየቆጠረ ነው» ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማንም «ምን ሆነህ ነው?» አይለውም። «ኮራ» አይለውም። በእንተ ስማ ለማርያም ብለን ስንለምን ቁራሽ የሚሰጠን ገበሬ ራሱ ያንን ዝምታ ያከብረው ነበር፣ ማንበብ የማይችለው ገበሬ።

ከዚያ ማታ ይሆናል። ተማሪው ተነሥቶ የቆጠረውን መምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ይናገራል። መምህሩ ያርመዋል፣ ይጥለዋል ወይም «ይበል!» ይለዋል። እዚህ ላይ መደበቅ የለም፣ የቆጠርከውን ሳትናገር ብታድር ቅኔው የለም ማለት ነው። ነጋዴው ወንድማችን «መናገር ነበረብሽ» ያለው እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ዛፉ ሥር ነው፣ በኋላ ጉባኤው ነው። ዛፉ ሥር ያልተቀመጠ ሰው ጉባኤው ላይ የሚናገረው የለውም።

በአታ ስመጣ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አቋቋም ብቻህን አይሆንም። መቋሚያው አብሮ ይነሣል፣ ጸናጽሉ አብሮ ይመታል፣ ከበሮው አንዱን ከአንዱ ያያይዛል። አንድ ሰው ወደፊት ከቀደመ ወረቡ ይበላሻል። አንድ የማስታውሰው ጓደኛ ነበረኝ፣ ከማኅሌት ውጭ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። ማኅሌት ላይ ግን ሁላችንም የምናየው የእሱን እግር ነበር። ስንሳሳት የሚመልሰን እሱ ነበር። ተሳሳታችሁ አይለንም፣ እሱ ልክ ሆኖ ይቆማል፣ እኛ እናየውና እንስተካከላለን። እና ልጄ፣ አለቃሽ «ድምፅሽ አይሰማም» ሲልሽ እኔ ያንን ልጅ አስታወስኩ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ያንን የገንዘብ ስሕተት ስታገኚ ብቻሽን ነበርሽ ወይስ ከሰው ጋር?


የማራኪዋ፦

አባቴ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ሁሉም ምሳ ሲወጣ እኔ ቢሮ ቀርቼ ነው ያገኘሁት። ፀጥ ሲል ነው ቁጥሩ የሚታየኝ።


የድሮ ተማሪ፦

በይ፣ ዛፍሽን አግኝተሻል። የቀረሽ ማታው ነው።


ጠመኔ፦

ማታውን እኔ ልጨምርበት፣ አባታችን ካሉት ላይ። ስብሰባ ላይ መናገር የሚከብድ ከሆነ መጻፍ አለ። ያገኘሽውን ነገር ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፊ፣ ቀን አስገቢበት፣ ስምሽን ፈርሚበት፣ ለአለቃሽ በቀጥታ ስጪ፣ ግልባጭ መዝገብ ቤት ይግባ። ከዚያ ስብሰባው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «ዝርዝሩን በጽሑፍ አስገብቻለሁ።» አስር ጊዜ መናገር የለብሽም። በሚቀጥለው የሥራ አፈጻጸም ምዘናሽ ላይ ደግሞ እነዚያን ወረቀቶች ይዘሽ ቅረቢ።


ነጋዴው፦

በዚህ እስማማለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁላችንም እንችላለን። ያንን ባልደረባሽን ግን በዓይንሽ እያየሽው በይው።


የማራኪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ሳላስበው የሚያስረዳኝ ሰው አገኘሁ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ እናቴ ቡና አፍልታ ብቻዋን ነበረች። ተቀመጥኩ። «እማ፣ እኔ ብቻዬን ስቀር ማን አላት ብለሽ ነው የምትፈሪልኝ?» አልኳት። ስኒውን አስቀምጣ ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ማን ነገረሽ?» አለችኝ። የሦስት ልጆች እናት የነገሩኝን ነገርኳት። ቀጥዬ ከተራ ሌሊት ለምን ከሁሉም ቀን እንደምወደው ነገርኳት። ጥር 11 ቀን የሕዝቡ ብዛት መተንፈሻ ያሳጣኛል፣ ግን በዋዜማው ሌሊት ፋሲለደስ መዋኛው ዳር፣ ካህናቱ ማኅሌት ቆመው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ፀጥ ብሎ ሲያድር፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሆኜ ምንም አይደክመኝም። «እኔም ያንን ሌሊት ነው የምወደው» አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንሄድ አታውቅም ነበር፣ እኔም አላውቅም ነበር።

ፀበሉ ነገር አልቀረም፣ ግን አሁን አብረን እንሂድ ነው የምትለው። እሄዳለሁ። ለአክስቴም ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ብቻዬን ሄጄ ያን ቀን ደክሞኝ እንደነበር እነግራታለሁ። በረካው እስኪጠጣ ድረስ ነው የምቀመጠው፣ እሷ ሳትመርቀኝ አልነሣም።


የሦስት ልጆች እናት፦

እሰይ ልጄ። እኔም ማታ ለልጄ ነገርኳት። «አውቃለሁ እማዬ» ብላኝ ራት አቀረበች።